መታወቂያ አደራ ነው፣ መያዣ አይደለም

ከደንቢያና ከጭልጋ፣ ከበለሳና ከአርማጭሆ፣ ከጎጃም ደጋም ወርዳችሁ፣ በመተማ ዮሐንስ አልፋችሁ፣ በጋላባት ወደ ሱዳን ተሻግራችሁ፣ በባሱንዳ ጥቁር አፈር ላይ የምታርሙ፣ ሰሊጥ የምታጭዱ፣ ማሽላ የምትቆርጡ ወንድሞቼ፤ ለካምፑ ሠራተኛ የምታበስሉ፣ በገዳሪፍ በሰው ቤት የምትሠሩ፣ በየመንገዱ ዳር ሻይ የምታፈሉ እኅቶቼ፤ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ለሚያሠሯችሁ ሰዎችም ነው። ሰኔ ሳይገባ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው፣ ትራክተሩ ጭኖ ወደ ካምፕ ሳይወስዳችሁ ልንመክርበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለችው ያቺ ትንሽ ካርድና በላይዋ ያለው ቁጥር ነው።

የመጀመሪያ ዓመቴን አልረሳውም። አሥራ አራት ሆነን ነበር የወረድነው። በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭነን ካምፕ ስንደርስ ጀንበር ጠልቃለች። የባለርሻው ወኪል የእጅ ባትሪ ይዞ መጣ። ውኃ ሳንጠጣ፣ የምንተኛበትን ሳናይ «መታወቂያ!» አለ። ተራ በተራ እያወጣን ሰጠነው። ሁሉንም በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ በጎማ ቁራጭ አሰረና «ለጸጥታ ሰዎች አስመዝግቤ ነገ እመልሳለሁ» አለን። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ።

በአምስተኛው ሳምንት አንዱን ጓደኛችንን ትኩሳት ጣለው። በዚያ ቆላ ትኩሳት ማለት ወባ ሊሆን ይችላል፤ ካላዛርም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ሐኪም ብቻ ነው። «መታወቂያውን ስጠውና ይሂድ» ብንል ወኪሉ «ቅድሚያ የወሰደውን ብር ሳይጨርስ?» አለ። ልጁ ያለ መታወቂያ ተነሣ። ኬላ ላይ ተያዘ፤ ሐኪም ሳያየው ሁለት ሌሊት ወለል ላይ አደረ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። እኔም በመጨረሻ መታወቂያዬ ሲመለስልኝ ዝናብ ገብቶበት ፎቶዬ ከወረቀቱ ተላጦ ነበር። ስድስት ወር ሠርቼ፣ ፊት የሌለው መታወቂያ ይዤ አገሬ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ምሽት ደጋግሜ አስበዋለሁ። ወኪሉ አንድ ሰው ነበር፤ እኛ አሥራ አራት ነበርን። ነገር ግን አሥራ አራታችንም ለየብቻችን ነበር የሰጠነው። እያንዳንዳችን «እኔ ብቻዬን እንቢ ብል ምን አመጣለሁ?» ብለን አሰብን። ያ ፌስታል የሞላው በወኪሉ ጉልበት አልነበረም፤ በእኛ ብቸኝነት ነበር። ዛሬ ልንሰብረው የሚገባን እሱን ነው።

አገራችን ሁለት ቃላትን አበክራ ትለያለች፤ አደራንና መያዣን። መያዣ ማለት ብድርህን እስክትከፍል ከሰው እጅ የሚቀመጥ ንብረትህ ነው። አደራ ግን የሰጠኸው ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆ፣ በጠየቅኸው ሰዓት ሳይጎድል የሚመልሰው ነው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ አደራ የሚበላ ሰው ከሰውነት መዓረግ እንደወረደ መናገራቸው ነበር። አሠሪ የሠራተኛን መታወቂያ ባየ፣ ቁጥሩንም በመዘገበ ጊዜ የተቀበለው አደራ ነው። ያን አደራ ወደ መያዣ የሚለውጥ ሰው፣ ከባለርሻ እስከ ደላላ ማንም ይሁን ማን፣ አደራ በልቷል።

ቁጥር ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል፤ ምን እንደሚያደርግ አብረን እንየው። ብዙዎቻችን የቀበሌ መታወቂያ ይዘን ነው ያደግነው፤ ወረቀት፣ ፎቶ፣ ማኅተም። ዛሬ ግን አገራችን ወደ ፋይዳ እየተሻገረች ነው። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ቁጥሩ በባንክ ቤትም፣ በመንግሥት ቢሮም እየተጠየቀ ነው። የፋይዳ ልዩ ቁጥር 12 አኃዝ ነው፤ በካርዱ ፊት ላይ የሚታየው ደግሞ 16 አኃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ዋናው ቁጥር በየሰው ዓይን ፊት እንዳይውል ተለዋጭ አበጅተውለታል። እነሱ እንዲህ የተጠነቀቁለትን ቁጥር አንድ ወኪል በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ጽፎ በደረት ኪሱ ይዞት ሲዞር ዝም ልንል አይገባም።

ቁጥርህ ከስምህና ከፎቶህ ጋር በማይታወቅ እጅ ከገባ፣ በስምህ ሲም ካርድ ሊወጣ ይችላል፤ በስምህ ያልወሰድከው ገንዘብ ሊፈረም ይችላል፤ አንተ ባልረገጥከው እርሻ ደመወዝ ተቀባይ ተብለህ ልትመዘገብ ትችላለህ። ሌላው ያጠፋውን ጥፋት ተከትሎ ፖሊስ የሚመጣው ወደ ቁጥሩ ባለቤት ነው፤ ወደ አንተ። በስልክ የተነሣ የመታወቂያ ፎቶ ደግሞ ከፌስታሉ ይብሳል። ፌስታል ቢያንስ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ፎቶው ግን በአንድ ጣት ንክኪ ከወኪል ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደማናውቀው ሰው ይሄዳል፤ መልሰህ አትሰበስበውም።

ስደተኛ የሆናችሁ ደግሞ የባሰ አለባችሁ። የስደተኛ ካርዳችሁ የምትኖሩበት ፈቃድ፣ ራሽን የምትቀበሉበት ማስረጃ፣ «ከየት መጣህ?» ሲባል የምትሰጡት ብቸኛ መልስ ነው። ከ2013 ጀምሮ በኡም ራኩባና በቱናይድባ ካምፖች የተጠለሉ ወገኖቻችን በአጨዳ ወቅት በየእርሻው የቀን ሥራ እንደሚወጡ የታወቀ ነው። ካርዱን ለአሠሪ ያስረከበ ስደተኛ ጥላውን አስረክቧል ማለት ነው። በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ከተነሣ ወዲህማ በየኬላው ያለ ዓይን ተጠራጣሪ ሆኗል። በሰላም ጊዜ መታወቂያ የሌለው ሰው ይጉላላል፤ በጦርነት ጊዜ መታወቂያ የሌለው ሰው ሊጠፋ ይችላል።

እናንተ የባሱንዳ ባለርሻዎች፣ ይህን ነገር ከማንም በላይ ልትረዱት ይገባል። በአገራችሁ የሲቪል ምዝገባ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣ ወዲህ ረቀም ወጠኒ የምትሉት ብሔራዊ ቁጥር ተሰጥቷችኋል። ያ ቁጥር ምን እንደሚከፍትና ምን እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። ያንን ቁጥር በጥቁር ፌስታል አስራችሁ ለማታውቁት ሰው ትሰጣላችሁ? አትሰጡም። እንግዲያውስ ለራሳችሁ የማትፈቅዱትን ለእንግዳችሁ አትፍቀዱ።

የገዳሪፍ እርሻ ያለ መጤ እጅ ተሠርቶ አያውቅም። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦራቸው እህል ፍለጋ በገደምባሊያ ትራክተር ካስገቡ ጀምሮ፣ ከ1968 እ.ኤ.አ. ወዲህም የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን መሬቱን በሺህና በሺህ አምስት መቶ ፈዳን እየቆረሰ ሲያከራይ፣ ትራክተሩ መሬቱን ገልብጧል፤ አረሙን የነቀለው፣ ሰሊጡን ያጨደው ግን የሰው እጅ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ አይታገሥም፤ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው ወደ መሬት ይረግፋል። ያን ፍሬ ከመርገፍ የሚያድኑት እጆች ባለቤት አላቸው፤ ስም አላቸው፤ ቁጥር አላቸው። እጃቸውን ስትቀጥሩ ስማቸውን አልገዛችሁም።

እንግዲህ አሠሪ ምን ይገባዋል? ሦስት ቃላት ይበቁታል፤ በየካምፑ እንዲደገሙም እለምናለሁ። እይ፣ መዝግብ፣ መልስ!

እይ፤ አሠሪ ማንን እንደቀጠረ ማወቅ ይገባዋል፤ ካርዱን ይመልከት፣ ፊቱንና ፎቶውን ያስተያይ። መዝግብ፤ የሚያስፈልገውን ብቻ ይጻፍ፤ ስም፣ የመጣበት ወረዳ፣ ሥራ የጀመረበት ቀን፣ ከቁጥሩም የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች። ሙሉውን ቁጥር ሕግ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ ብቻ፣ ለምን እንደተጠየቀ ለሠራተኛው ተነግሮት፣ በተለየ መዝገብ ይጻፍ። መልስ፤ ካርዱ ከባለቤቱ ዓይን ሳይርቅ፣ ያው እጅ ተቀብሎ ያው እጅ ይመልስ። ነገ አይባልም።

መዝገቡም ጠባቂ ይኑረው። አንድ ደብተር፣ አንድ ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ አንድ ተጠያቂ ሰው። የክፍያ ወረቀት በየእጁ የሚዞር ስለሆነ ሙሉ ቁጥር አይጻፍበት፤ ስምና አራት አኃዝ ይበቃል። ለደላላ፣ ለጎረቤት እርሻ፣ ለዘመድ ቁጥር አይተላለፍ። ፎቶ ኮፒ የግድ ካስፈለገ፣ በኮፒው ላይ በፊቱ አግድም «ለዚህ እርሻ ቅጥር ብቻ» ተብሎ ቀኑ ይጻፍበት፤ እንዲህ የተጻፈበት ኮፒ ለሌላ ተንኮል አይመችም። ሠራተኛው ስለሱ የተጻፈውን ማየትና ስህተቱን ማሳረም ይፈቀድለት። ወቅቱ ሲያልቅ፣ ሒሳብ ሲዘጋ፣ ኮፒው በሠራተኛው ፊት ይቀደድ። ከጠፋም አሠሪው ራሱ ወጥቶ «ጠፍቶብኛል» ይበል፤ በፊርማው ያረጋግጥ፤ ምትክ የሚወጣበትን ወጪ ይሸፍን። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ ቁልፍና አንድ ታማኝ ልብ ነው።

ይህን የምንጠይቀው ሕግ ከእኛ ጋር ቆሞ ሳለ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 በግዳጅ ማሠራትንና በሰው መነገድን ይከለክላል፤ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን መረጃ መዝግቦ እንዲይዝ ያዛል፤ ካርዱን እንዲወስድ ግን አላለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለታወቀ ዓላማ ብቻ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ ጠብቆም እንዲይዝ ያስገድዳል። ድንበር ማዶ ያለውን ባለርሻ ይህ አዋጅ ላይደርሰው ይችላል። መተማ ላይ ቆሞ ስም የሚሰበስበውን ደላላ፣ በኢትዮጵያ ምድር ሠራተኛ የሚመለምለውን ወኪል ግን ይደርሰዋል። ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከእኛ ዘንድ ነው፤ መፍታትም የምንጀምረው ከእኛ ዘንድ ነው።

ማዶውም ባዶ ሜዳ አይደለም። ሱዳን በ1957 እ.ኤ.አ.፣ ኢትዮጵያ በ2003 እ.ኤ.አ. የግዳጅ ሥራን የሚከለክለውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 29 አጽድቀዋል። ያው ድርጅት የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ ከዘረዘራቸው 11 ነገሮች አንዱ የማንነት ሰነድን መያዝ ነው፤ ሌላው ደመወዝን ማስቀረት፣ ሌላውም በዕዳ ማሰር ነው። ሦስቱ አንድ ካምፕ ውስጥ ሲገናኙ ያ ቅጥር መባሉ ይቀራል። የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 በአንቀጽ 9 የቤት ሠራተኛ የጉዞና የማንነት ሰነዷን በእጇ የመያዝ መብት እንዳላት ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፍልሰተኛ ሠራተኞች ስምምነትም በአንቀጽ 21፣ ሕግ ሥልጣን ከሰጠው የመንግሥት ሹም በቀር ማንም ሰው የሌላውን የማንነት ሰነድ መውሰድም ማጥፋትም እንደማይችል ጽፏል። ወኪል የመንግሥት ሹም አይደለም።

ነገር ግን እውነቱን አንሸሽግ። የሱዳን የ1997 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕግ በእጁ የሚያርመውንና የሚያጭደውን የእርሻ ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛውን፣ የዕለት ሠራተኛውንም ከጥላው ውጭ አስቀምጧቸዋል። ፍርድ ቤቱ ሩቅ ነው፤ ክረምት ሲገባ ዋልካው ጎማ ይውጣል። ስለዚህ ሕጉን ካምፕ ድረስ ተሸክሞ የሚያደርሰው አንድነታችን ነው።

ዝምታ ወዴት እንደሚያደርስ በሌላ አገር አይተናል። በሰኔ 2012፣ የሊባኖስ ኑሮ ሲናጋ፣ አሠሪዎቻቸው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው የሄዱ እኅቶቻችንን ዓለም ተመልክቷል። ሻንጣቸውን ታቅፈው አስፋልት ላይ አደሩ። ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው በእጃቸው አልነበረም፤ ለዓመታት በአሠሪያቸው ቁም ሣጥን ተቆልፎ ነበር። ኳታር በበኩሏ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ቁጥር 21 የሠራተኛን ፓስፖርት የሚይዝ አሠሪን እስከ 25 ሺህ ሪያል እንደምትቀጣ ደንግጋለች። ቤይሩትና ዶሃ የባሱንዳ ሩቅ ጎረቤቶች ናቸው፤ በሽታው ግን አንድ ነው፤ ስሙን ያስረከበ ሰው ራሱን ማዳን ይሳነዋል።

አሁን ከባለርሻው ወገን የሚነሣውን ቃል በቅንነት እንስማ። «ሠራተኛው ቅድሚያ ገንዘብ ወስዶ ይጠፋል፤ ሰሊጥ ሲደርስ የተሻለ ዋጋ የሚከፍል እርሻ ይሄዳል፤ እኔ እህሌ ይረግፋል፤ መታወቂያውን የያዝኩት ለዚህ ነው» ይላል። ይህ ስጋት ውሸት አይደለም። ቅድሚያ ወስደው በሌሊት የጠፉ አሉ፤ እነሱ የበደሉት ባለርሻውን ብቻ አይደለም፤ ከኋላቸው የሚመጣውን ሠራተኛ ሁሉ ነው የበደሉት። ነገር ግን መድኃኒቱ ከጥንት በእጃችን አለ፤ ዋስ ይባላል። የጎንደርም ሆነ የጎጃም ገበሬ በሬ ሲገዛ፣ ብድር ሲወስድ፣ ልጅ ሲድር ዋስ ይጠራል። እናንተም ዋስ ጥሩ። ከቡድኑ ሁለት ሰው ለሦስተኛው ይዋስ፤ ውሉ በአማርኛም በዐረብኛም ይጻፍ፤ ቅድሚያው ትንሽ ይሁን፤ ክፍያው በየሳምንቱ በተሠራው ልክ ይፈጸም። በየሳምንቱ ላቡን የሚያገኝ ሰው በሌሊት አይጠፋም። የወሰደውን ሠርቶ እስኪጨርስ ድረስ ደግሞ ሠራተኛው በቃሉ ይታሰር፤ ይህን የምለው ለእኛ ነው። መብታችን እንዲከበር ቃላችን ይከበር።

ሌላም ይላል፤ «የጸጥታ ሰዎች ዝርዝር ይጠይቁኛል።» ዝርዝር ይስጥ! ዝርዝር ካርድ አይደለም። የሰጠውንም ዝርዝር ለእኛ ያሳየን፤ ማን ምን እንደወሰደ እንወቅ።

ከእኛ መካከልም «በሰው አገር ምን አቅም አለኝ?» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ለዚህ ድምፅ የምመልሰው በወንዝ ነው። ከጎንደር ተራሮች ሥር የሚነሣው ጓንግ በመተማ ቆላ ወርዶ ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ ይጠራል፤ ስሙን ወስዶ የተሰየመው ከተማም አትባራ ነው። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 የባቡር ሠራተኞች የሠራተኞች ጉዳይ ማኅበር አቋቋሙ። ገዢው እንግሊዝ ነበር፤ ባቡሩ የገዢው ነበር፤ ማኅበርን የሚያውቅ ሕግ አልነበረም። በ1947 ሥራ አቁመው ወጡና ለማኅበራቸው ዕውቅና አስገኙ፤ ከዚያም የሱዳን የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ ተከተለ። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት፣ ከሱ በፊት በየመሥሪያ ቤቱ ብቻቸውን የጮኹ ብዙዎች ነበሩ። ከአትባራ ሠራተኞች መካከል ሕግ ቀድሞ የመጣለት አንድም አልነበረም። ሰዎቹ ተያያዙ፤ ሕጉ ተከተላቸው። የምትጠጡት ውኃ እዚያ ይደርሳል፤ ወኔያችሁም ይድረስ!

ስለዚህ ከሰኔ ሚካኤል በፊት፣ ማንም ሳይሻገር፣ ይህን እናድርግ።

መተማ ላይ ከመነሣታችሁ በፊት በአሥር በአሥራ አምስት ተቧደኑ፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ጸሐፊ ምረጡ። ጸሐፊው የቡድኑን ስምና የእያንዳንዱን የመጨረሻ አራት አኃዝ በራሳችሁ ደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩ ከቡድኑ አይውጣ። የመታወቂያችሁን ኮፒ ለቤተሰብ ትታችሁ ሂዱ። ካምፕ ስትደርሱ፣ ካርድ ሲጠየቅ፣ ሁላችሁም አብራችሁ ቁሙ፤ አንድ ሰው በሁላችሁ ስም ይናገር፤ «እይ፣ መዝግብ፣ መልስ!» ይበል። በቡድናችን «አያ» እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ በሁለተኛዋ ዓመታችን ያሉትን አልረሳም፤ «ልጆቼ፣ ማጭድ እንጂ ስም አናስረክብም።» በዚያች ዓመት አሥራ አራታችንም ቁጭ አልን። ወኪሉ ተቆጣ፤ ሄደ፤ ተመለሰ። ምሽት ሳይገፋ ደብተር ይዞ መጥቶ ካርዶቻችንን እያየ መዘገበ፣ እያንዳንዱንም በእጃችን መለሰ። የተለየ ኃይል አልነበረንም። አብረን ቁጭ ብለን ነበር።

ሕጉ አንድ ይሁን፤ የአንድ ሰው መታወቂያ ካልተመለሰ፣ አንድም ማጭድ አይነሣ። ድንጋይ አይወርወር፣ እህል አይቃጠል፣ ማንም አይሰደብ። መቀመጥ ብቻ። የሚረግፈው ሰሊጥ ራሱ ለባለርሻው ይናገራል።

እናንተ በመተማ ዮሐንስ ያላችሁ ደላሎች፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ትናንት ማጭድ ይዛችሁ የነበራችሁ ናችሁ። ስም እንጂ ካርድ አትሰብስቡ፤ ፎቶ አታንሡ፤ ያነሣችሁትን ዛሬ አጥፉ። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለመሻገር በተሰለፈው ወጣት ፊት በግልጽ ቋንቋ «ካርድህን አታስረክብ» ብላችሁ አስጠንቅቁ፤ ከሚመለምሉ ሰዎችም በፊርማ ቃል ተቀበሉ። በገዳሪፍ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ መታወቂያቸው የተያዘባቸውን የሚመዘግብበት አንድ መዝገብና የሚቀበልበት አንድ ቀን ይመድብ። ካህናትና ሼኮች፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በመስጊድ አጥር ስለ አደራ አስተምሩ፤ አደራን በማክበር ሁለቱም ሃይማኖት አንድ ነው። የባሱንዳና የዶካ ሽማግሌዎች፣ እናንተ በእርሻ ድንበር ስንጋጭ የምታስታርቁን ናችሁ፤ በዚህም ጉዳይ ባለርሻውንና ሠራተኛውን አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጡ።

አንድ ነገር ሳልል ብሄድ ጥሪዬ ግማሽ ይሆናል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ መንገዱ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም የሚሄደው። ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሻግረዋል፤ በኩመርና በአውላላ ካምፖች ተጠልለው መከራ አይተዋል። ከእነሱ መካከል በእኛ ሰሊጥ ማሳ፣ በእኛ ሆቴል፣ በእኛ ቤት ጉልበታቸውን ሸጠው የሚያድሩ አሉ። እኛ የባሱንዳን ወኪል «መልስ!» እያልን፣ የእኛ ቤት መሳቢያ ውስጥ የሱዳናዊቷ ካርድ ተቆልፎ ከተገኘ፣ ቃላችን በአፋችን ይደርቃል። የጠረፉ ሰው ሁሉ ስማኝ፤ ካርዱ በእጅህ ያለው ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ መልስለት። ነገ አይባልም።

ሰሊጥ ያጨደ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንድ የሰሊጥ አገዳ ብቻውን ቢቆም ነፋስ ይጥለዋል፤ ሲወድቅ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬውን አፈር ይበላዋል። ስለዚህ እናስረዋለን፤ ነዶ እናደርገዋለን፤ ነዶውን በነዶ ላይ አስደግፈን ሒላ እናቆማለን። ሒላ የቆመ ሰሊጥ ነፋስ አይጥለውም፤ ፀሐይ ሲያደርቀው አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ፍሬውን ጠብቆ ይቆያል፤ እኛም በሰዓቱ ገልብጠን እስክናራግፈው ድረስ አንዲት ፍሬ አትጎድልም። በእጃችን ሺህ ጊዜ ሠርተነዋል።

ዘንድሮ ሒላውን በራሳችን እንሥራው። ሐምሌ ገብቶ ትራክተሩ ሲነሣ፣ ካርድህ በኪስህ፣ ጸሐፊህ በጎንህ፣ ወንድምህ በትከሻህ ይሁን። ባትሪ የያዘው ሰው መጥቶ «መታወቂያ!» ሲል፣ አሥራ አራት ድምፅ አንድ ሆኖ ይመልስለት፦

እይ! መዝግብ! መልስ!